መብራት የጠፋበት ዘፈን

ጠዋት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደሴን ሲሸፍናት፣ አውቶቡሱ ከየት እንደመጣ ሳይታይ ፌርማታው ላይ ይቆማል። ውስጡ ጸጥታ ነው። ተሳፋሪው ሁሉ ጭንቅላቱን ያወዛውዛል፤ የአንዱ ግን ከሌላው አይገጥምም። አንዱ ፈጠን፣ ሌላው ዘግየት ይላል። ሁልጊዜ መስኮት አጠገብ የምትቀመጥ አንዲት ወፍራም ሴት ትከሻዋን ብቻ ታነቃንቃለች። እያንዳንዱ የሚሰማው የራሱን ጅረት ነው። ጅረቱ ከጆሮ ጀርባ ተቀምጦ፣ የባለቤቱን የልብ ምት እየተከተለ፣ ለእሱ ብቻ የሚሆን ዜማ ያወጣል። ዛሬ የተሰማው ነገ አይደገምም። አንድን ሰው ምን እየሰማህ ነው ብሎ መጠየቅ ሌሊት ምን አለምክ ብሎ እንደመጠየቅ ነው። ክልክል አይደለም፤ ያሳፍራል።

ሰርግም እንዲሁ ነው። ትንግርት ባለፈው ጥር የአጎቷ ልጅ ሰርግ ላይ ነበረች። አዳራሹ ሙሉ ሰው ይጨፍራል፤ የሚሰማው ግን የጫማ ኮቴና የቀሚስ ሽውታ ብቻ ነበር። ሙሽሮቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ እሱ በፈጣን እሷ በዝግታ፣ ፊት ለፊት ይወዛወዙ ነበር። አክስቷ «ሲያምሩ» አለች። እውነትም ያምሩ ነበር።

ትንግርት የምትሠራው ድምፅ እጥበት ቤት ነው። ከድሮ ስልክና ከድሮ ካሴት የተገኘ ሙዚቃ ሁሉ እዚያ ይመጣል፤ ታጥቦ ወደ ጅረቱ ይገባል። ሳል፣ የውሻ ጩኸት፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ፣ ከውጭ የገባ የመኪና ጡሩምባ፣ ሁሉም ይታጠባል። የሚያጥበው መሣሪያው ነው። የአጣቢዎቹ ሥራ መጨረሻ ላይ ሰምተው «ንጹሕ» ማለት ብቻ ነው። ንጹሕ ከተባለ በኋላ ጥሬው ቅጂ ይጣላል፤ ቦታ ይይዛል ይባላል። ትንግርት ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ታሪክ ነው። ይህንን ሥራ የመረጠችው ቀኑን ሙሉ ከማንም ጋር ሳይነጋገሩ መዋል ስለሚቻል ነው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ሸዋ በር አካባቢ አንድ አሮጌ ወፍጮ ቤት ፈረሰ። ከጣሪያው ማገር ላይ በላስቲክ የተጠቀለለ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ተገኘ። መሣሪያው በስልኩ ውስጥ ያለውን ድምፅ አወጣና መደበው። የሙዚቃው ዓይነት አልታወቀም። የተጫዋቾቹ ስም ዱቄት፤ ይህም የታወቀው መጀመሪያው ቅጂ ላይ አንድ ወጣት «እኛ ዱቄት ነን፣ ከደሴ» ስለሚል ነው። ጥራቱ እጅግ ዝቅተኛ። ለማጽደቅ ለትንግርት ተላከ።

ትንግርት አንድ ልማድ ነበራት። ከታጠበው በፊት ጥሬውን ትሰማለች። ማንም አላዘዛትም፤ ማንም ደግሞ አልከለከላትም።

መጀመሪያ የሰማችው ዝናብ ነው። ከዚያ ሳቅ፣ የሚጎተት ጆንያ፣ «ተራዬን እንዳትነኩ» የምትል ሴት። ከዚያ ጊታር። ጊታሩ ቆርቆሮ በምስማር ሲጫር ያለ ድምፅ ነበረው። ከበሮው ከበሮ አልነበረም፤ በርሜል ሳይሆን አይቀርም። በዚያ ሁሉ ላይ አንዲት ልጅ ትጮኻለች።

ታክሲው ሞልቷል፣
ወንበሩ ሞልቷል፣
ከተማው ሞልቷል፣
እኔ የት ልቁም?

ልጅቷ መልስ የምትጠብቅ አትመስልም። ግን ደግማ ትጠይቃለች፤ በእያንዳንዱ ዙር ትንሽ እየባሰባት። ትንግርት እጇን ከጆሮዋ ጀርባ ልካ ጅረቷን አጠፋች። ይህንን ማድረጓን ያወቀችው ካደረገችው በኋላ ነው።

መካከል ላይ ጊታሩ ጠፋ። ቀስ እያለ አይደለም፤ ክር በመቀስ እንደሚቆረጥ። የልጅቷም ድምፅ በአንድ ጊዜ ትንሽ ሆነ፣ ከክፍሉ ወዲያኛው ጥግ እንደሚመጣ። በርሜሉ ግን ቀጠለ። ያ «ዱቄት ነን» ያለው ወጣት «ሐያት፣ ቀጥይ» ብሎ ተጣራ። ቀጠለች። ከዚያ ብዙ ሴቶች፣ በድምፃቸው ትልልቅ ሴቶች፣ ጊታሩ የተወውን በአፋቸው ተቀበሉት፦ ዠን ዠን ዠረን፣ ዠን ዠን ዠረን። እየሳቁ።

ሁለተኛውን ከፈተች። እሱም ላይ ጊታሩ መንገድ ላይ ጠፋ። ሦስተኛውም ላይ። አንዱ ገና ሲጀመር፣ ሌላው ሊያልቅ ሲል፤ በስልኩ ውስጥ አንድም ሙሉ ዘፈን አልነበረም።

መሣሪያው ለሁሉም የሰጠው ስም «ክፍተት» ነው። ክፍተቱንም ሞልቶታል። በታጠበው ቅጂ ላይ ጊታሩ ሳይቋረጥ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ዝናብ የለም። ሴቶቹ የሉም። ሐያት ብሎ የሚጣራውም የለም። ልጅቷ ያንኑ ጥያቄ ትጠይቃለች፤ ግን ቦታ ያገኘች ትመስላለች። ያምር ነበር። ትንግርትን ያስቸገራትም ይኸው ነው።

«ምን አግኝተሽ ነው የማትተነፍሺው?» አለቻት ሙኒራ፣ የሚቀጥለው ጠረጴዛ ላይ የምትሠራው አጣቢ።

ትንግርት ጥሬውን ላከችላት። ሙኒራ ፊቷን አጨማደደች።

«ልጅቷ እየዘፈነች ነው ወይስ ከሰው ጋር እየተጣላች?»

«ሁለቱንም መሰለኝ።»

«ኧረ ንጹሕ በይና ገላግያት። ጉሮሮዋ ሊበጠስ ነው።»

ከምሳ በኋላ ሙኒራ ዓይኗን ከሥራዋ ሳታነሣ «እስኪ ያንን ነገር እንደገና ላኪልኝ» አለች። ላከችላት። በእጥበት ቤቱ ሁለት ሰው አንድ ዘፈን ሲሰማ ያ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። አላወሩበትም።

የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ልሳኑ ይባላሉ፤ ሰው ሲገሥጹ ድምፃቸውን ይበልጥ ዝቅ የሚያደርጉ ሰው ናቸው። በማግስቱ ትንግርት አጠገብ መጥተው ቆሙ።

«ዱቄት ምን ሆነ?»

«ክፍተቱ ስህተት አልመሰለኝም፣ ጋሽ ልሳኑ።»

«ምን መሰለሽ ታዲያ?»

«ሰዎቹ እንደሚመጣ የጠበቁት ይመስላል» አለች።

«ይመስላል የሚባል ነገር እዚህ ቤት አይመዘገብም» አሉ በለሆሳስ። «ደንቡን ታውቂዋለሽ። ከተጫዋቾቹ አንዱ መጥቶ በራሱ አፍ ስህተት አይደለም ካለ ጥሬው ይቀመጣል። ካልሆነ ሐሙስ ከሰዓት የሳምንቱ ሥራ ሲዘጋ ይጣላል። እኔም ልተወው ብል አልችልም፤ የሚዘጋው እኮ ራሱ መሣሪያው ነው።»

«አንድ ስም አለ። ሐያት።»

«ብትኖር አሮጊት ናት።» ትንሽ አሰቡ። «ግን ጠይቂ። መጠየቅ አይከለከልም።»

መጠየቅ ለትንግርት ቀላል አልነበረም። መንገድ ላይ ሰው ለማናገር እጅን ከፍ አድርጎ ጅረቱን እንዲያቆም መለመን ያስፈልጋል፤ የሚያቆመውም ከእንቅልፉ እንደተቀሰቀሰ ሆኖ ነው የሚያየው። ሸዋ በር ቆማ እጇን አነሣች። አንዱ አልፏት ሄደ። ሁለተኛዋ አዝናላት ቆመች፤ ሐያትን ግን አላወቀችም። በመጨረሻ አንድ ጥላ ጠጋኝ ሽማግሌ «የወፍጮ ቤቷ ሐያት ናት? ሆጤ ሰፈር ናት፣ ከሜዳው በላይ። ድምፅ አላት፤ ከበሩ ሳትደርሺ ትሰሚያታለሽ» አሏት።

እውነትም ከበሩ ሳትደርስ ሰማቻት። አሮጊቷ ዶሮ እየሰደቡ ነበር።

«ከጤና ጣቢያ ነሽ?» አሏት ትንግርትን ሲያዩ።

«አይደለሁም፣ እማማ።»

«መድኃኒት ልትቆጥሪብኝ አይደለም?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው ግቢ።»

ትንግርት ግን በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች። መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀችው ንግግር ጠፋባት። «እማማ፣ ዱቄት የሚባል ባንድ ያውቃሉ?» አለች።

እማማ ሐያት የበሩን መቃን ይዘው ሳቁ፤ ዶሮዋ እስክትሸሽ ድረስ።

«እኛን የሚያውቅ ሰው እኮ ያኔም አልነበረም። ቁጭ በይ። ማን ነገረሽ?»

ስልኩ የተገኘበትን ነገረቻቸው። እሳቸው ሲሰሙ ሳቃቸው ቀስ እያለ ጠፋ። «ጣሪያው ላይ» አሉ። «ድምፅ ከላይ ሲቀዳ ይሻላል ይል ነበር። እኔ ደግሞ ቤቱን ሁሉ ገልብጬ ፈልጌዋለሁ፣ ፍራሽ ሳይቀር ቀድጄ። ወንድሜ ነው፣ እንድሪስ። ጊታሩ የሱ ነበር። ከስልክ ላይ ሰምቶ መጥቶ፣ ይኼ ሙዚቃ ፓንክ ይባላል አለን፤ ብዙ መቻል አያስፈልገውም፣ መናደድ ይበቃል አለን። መናደዱን እንችል ነበር።»

«ለምን ወፍጮ ቤት?»

«ባለወፍጮው ምሳ ሊበላ ሲሄድ ወፍጮው ይቆማል። ያኔ የጊታሩን ማጉያ እዚያ እንሰካለን። ስንወጣ ፀጉራችንም ቅንድባችንም ነጭ ነው። ስማችን ከዚያ ነው።»

«ሴቶቹስ? በአፋቸው የሚዘፍኑት?»

«ተራ የያዙ ናቸዋ። እህላቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ተራቸውን ጥለው የት ይሄዳሉ? ያለን አድማጭ እሱ ነበር፣ መሄድ የማይችል።» ጉልበታቸውን እያሹ ፈገግ አሉ። «መብራት ደግሞ በኛ ሰዓት መጥፋት ይወዳል። ጊታሩ ድርግም፣ ማይኩ ድርግም። እነሱም ማስፈጨት አይችሉ። መብራቱን ሰድበው ሰድበው ሲሰለቻቸው ጊታሩን በአፋቸው ያዙልን።»

ትንግርት መብራት መጥፋትን የምታውቀው ከትምህርት ነው። አሁን የቤቱ ግድግዳ ሁሉ ራሱ ያበራል፤ ሰው ሲተኛ እንኳ ደብዘዝ ይላል እንጂ አይጠፋም። «ጨለማ ይሆን ነበር?» አለች።

«ምሳ ሰዓት አልኩሽ እኮ። ጨለማ አይደለም። ጸጥ ነው የሚለው። ሁሉም ነገር በአንዴ ጸጥ።»

«ሌላ ቦታ አልተጫወታችሁም?»

«አንዴ ሰርግ ላይ። ግማሹን ሳንጨርስ ሽማግሌዎቹ ገመዱን ነቀሉት። እሱ እንኳን መብራት አልነበረም።»

ጥሬው ቅጂ ከእጥበት ቤቱ አይወጣም፤ መውጣት የሚችለው የታጠበው ነው። ትንግርት እሱን አሰማቻቸው። አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከንፈራቸው ሳይነቃነቅ ሰሙ። ሲያበቃ ቶሎ ዓይናቸውን አልገለጡም።

«አለቀ» አሉ።

«አዎ፣ እማማ።»

«እስከ መጨረሻው ሄደ እኮ። አንድ ቀን እንኳ መጨረሻው ላይ ደርሰን አናውቅም። እንድሪስ አንድ ቀን ሙሉውን እንቀዳለን ይል ነበር። ከዚያ በረሃውን አቋርጦ ሄደ። ባሕሩ ጋ ሲደርስ ደወለ። ከዚያ ወዲህ የለም።»

ትንግርት የመጣችበትን ነገረቻቸው፤ እሳቸው መጥተው ክፍተቱ ስህተት አይደለም ካሉ ጥሬው እንደሚተርፍ።

«ስህተት ነው እንጂ» አሉ እማማ ሐያት፣ ተገርመው። «ስንቱን ቀን አቃጥሎናል። ይኼ የታጠበው ይሻላል፤ ይኼንን አስቀምጡ። ስንመኘው የኖርነው እሱን ነው።»

ትንግርት ሌላ ሰው ብትሆን ትከራከር ነበር። ተነሣች፤ አመሰገነች። በሩ ጋ ስትደርስ መሬት መሬት እያየች፣ «ጥሬው ላይ ግን ስምዎን የሚጠራ ሰው አለ» አለች። «ጊታሩ ሲጠፋ። ሐያት፣ ቀጥይ ይላል። በታጠበው ላይ የለም።»

ግድግዳው ብርሃኑን ትንሽ ዝቅ አደረገ፤ ጉም ከገባ እንዲህ ያደርጋል።

«ድምፁ አለ?» አሉ አሮጊቷ። «የእንድሪስ ድምፅ?»

«አለ።»

«ፎቶው እንኳ የለኝም እኮ።» ከዚያ፣ «ሐሙስ መጥተሽ ትወስጅኛለሽ» አሉ።

ሐሙስ እማማ ሐያት ነጭ ነጠላ ለብሰው፣ የትንግርትን ክንድ ይዘው ገቡ። አጣቢዎቹ ከጠረጴዛቸው ቀና ብለው አዩ፤ እዚያ ቤት የሚመጣው ድምፅ እንጂ የድምፁ ባለቤት መጥቶ አያውቅም። ጋሽ ልሳኑ ወንበር ስበው አስቀመጧቸው። ትንግርት ጥሬውን ከፈተችላቸው።

አሮጊቷ ዝናቡን ሲሰሙ ፈገግ አሉ። «ተራዬን እንዳትነኩ» የምትለዋን ሴት ሲሰሙ «ዘምዘም ናት» አሉ። ከዚያ ጊታሩ መጣ፤ ጊታሩ ጠፋ። ያ ወጣት ተጣራ። እማማ ሐያት እጃቸውን አንሥተው አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ዘፈኑ እስኪያልቅ አላወረዱትም።

ጋሽ ልሳኑ ጠበቁ። ከዚያ መሣሪያው እንዲሰማ ቀረብ ብለው ጠየቁ።

«እማማ፣ ይህ ክፍተት ስህተት ነው ወይስ አይደለም?»

«ስህተት ነው።»

ትንግርት ዓይኗን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«እማማ» አሉ ጋሽ ልሳኑ፣ ድምፃቸው ሊሰማ እስከማይችል ዝቅ ብሎ። «ስህተት አይደለም ቢሉ ይተርፋል። ሁለት ቃል ነው።»

«ሰምቻለሁ። ልጅቷ ነግራኛለች። አይደለም ካልኩ ግን መብራቱን ሲያጠፉብን ልክ ነበሩ ማለቴ ነው። እኔ ያንን አልልም። ያኔም አላልኩ።» ወደ መሣሪያው ዞሩ፤ የት ጋ እንደሚናገሩ ስላላወቁ ለግድግዳው ነገሩት። «ስህተት ነው። ግን የኛ ነው። አትንኩት።»

መሣሪያው ከዚህ ሁሉ የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነበር። የባለቤት ቃል፦ ስህተት። ተቀባይነት አገኘ።

«ተመዘገበ» አሉ ጋሽ ልሳኑ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እስኪዘጋ ድረስስ?»

«ምን?»

«እስኪዘጋ ድረስ የኛ ነው አይደል? በጆሮዬ አይደለም፤ ይቺ ክፍል ውስጥ ልቀቁት። እኛ ለአንድ ሰው ብቻ ተጫውተን አናውቅም።»

ድምፅን አየር ላይ መልቀቅ እዚያ ቤት የተለመደ አይደለም። ጋሽ ልሳኑ ወደ ትንግርት አዩ፤ እሷም እሳቸው እሺ ወይም እንቢ እስኪሉ ሳትጠብቅ ለቀቀችው። ዝናቡ ክፍሉን ሞላው። አንድ አጣቢ ደንግጦ ጣሪያውን አየ። ከዚያ ጊታሩ ሲመጣ፣ አንድ በአንድ፣ እጆች ከጆሮ ጀርባ ሄዱና ጅረቶች ቆሙ። የጅረት መቆም ድምፅ የለውም፤ ግን ፊት ላይ ይታያል። ሰዎቹ ባልተዘጋጁበት ሰዓት እንደተገናኙ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ።

ታክሲው ሞልቷል፣ አለች ልጅቷ። ወንበሩ ሞልቷል። ሙኒራ ሳቋን በእጇ ያዘች። ጊታሩ ጠፋ። «ሐያት፣ ቀጥይ» አለ እንድሪስ። ሴቶቹ ዠን ዠን ብለው ጀመሩ፤ ዠን ዠን ዠረን፤ ዠን

ተዘጋ።

በሩ ላይ ያለው መብራት አረንጓዴ ሆነ፤ የሳምንቱ ሥራ በሰላም አለቀ ማለት ነው። ዝናቡም በርሜሉም ሴቶቹም አልነበሩም። በደሴ ውስጥ ሰው ከሰማው ረጅም ዘመን የሆነው ዓይነት ጸጥታ ክፍሉ ውስጥ ቆመ፤ ሁሉም ነገር በአንዴ። ማንም ጅረቱን መልሶ አልከፈተም።

«ከተማው ሞልቷል» አሉ እማማ ሐያት።

ድምፃቸው ሻካራ ነበር፤ መካከሉ ላይ ተሰነጠቀ፣ ግን አልቆመም። «እኔ የት ልቁም?» ጠየቁና ጠበቁ። ከጥያቄው በኋላ ጊታር መምጣት ነበረበት። ወደ ትንግርት ዞሩ።

«አንቺ፣ ጊታሩን።»

ትንግርት በሕይወቷ በሰው ፊት ዘፍና አታውቅም። ልጅ ሆና እንኳ። ፊቷ ጋለ። መሬቱን አየች፤ መሬቱ ላይ የሚረዳት ነገር አልነበረም።

«ዠን» አለች።

«ጮክ።»

«ዠን ዠን ዠረን።»

ሙኒራ ጠረጴዛዋን በመዳፏ መታች፣ በርሜሉ በሚመታበት ቦታ። ከኋላ ሌላ ሰው ተቀበለ፤ ከዚያ ሌላ። ምቱ አንዳንዱ ጋ ይቀድማል፣ አንዳንዱ ጋ ይዘገያል፤ አብሮ መሄድ የለመደ ሰው አልነበረም። በሦስተኛው ዙር ግን ገጠመ። ጋሽ ልሳኑ እጃቸውን ከኋላ አጣምረው ቆመዋል፤ የጫማቸው ጫፍ ብቻ ነው የሚነሣው። እማማ ሐያት ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ፊታቸው ለስድብ የተዘጋጀ ሰው ፊት ሆኖ፣ ጥያቄውን እየደጋገሙ ጠየቁ፤ ያኔ መብራት ያልፈቀደላቸውን መጨረሻ እስኪያገኙት ድረስ። መጨረሻው ላይ ምንም አልነበረም፤ ዝም ብሎ መቆም ነው። ሁሉም አንድ ላይ ቆሙ።

«አሁን አለቀ» አሉ።

በሚቀጥለው ሳምንት የታጠበው ዱቄት ወደ ጅረቱ ገባ። እዚያ ተበትኖ ከሌላው ጋር ተቀላቀለ፤ ምናልባት አንድ ቦታ አንድ ሰው ሻይ ሲጠጣ ከጊታሩ ጥቂት ይደርሰው ይሆናል። ሐያትን የሚጠራው ድምፅ በመሣሪያ ውስጥ የትም የለም።

ጠዋት ጉሙ እንደተለመደው ወረደ። ትንግርትና ሙኒራ አውቶቡስ ውስጥ አጠገብ ለአጠገብ ተቀመጡ፤ ከዚህ በፊት ተራርቀው ነበር የሚቀመጡት። አይነጋገሩም። ሙኒራ ጉልበቷን በጣቷ ትመታለች፤ ትንግርት አፏን ሳትከፍት በአፍንጫዋ ታዜማለች። ጭንቅላታቸው እኩል ይነሣል፣ እኩል ይወርዳል።

መስኮት አጠገብ ያለችው ወፍራም ሴት አየቻቸው። ሰው ሲሳሳም በድንገት እንዳየ ሰው ደነገጠች፤ ፊቷንም ቶሎ ወደ ጉሙ አዞረች። ትከሻዋ ግን ከእነሱ ጋር ገጥሞ ነበር።